የእጢው ባልዲ

ሆደ ሰፊው የካቦውን መንጋጋ በመንጠቆ እጀታ የሰበረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የዕለቱ ሃያኛ በሬ እንኳ ገና አልወደቀም ነበር።

ሚስቱ ከእሱ ዐሥር እርምጃ ርቃ፣ ቢላዋዋን በበሬ አንገት ውስጥ እንደሰካች አየችው። ካቦው «ፈጠን በል፣ አንተ ግመል!» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ባሏ የተሸከመውን የበሬ ግማሽ ሲሚንቶው ላይ ጥሎ ዞረ። መንጠቆውን ከወገቡ መዘዘና በእንጨት እጀታው አገጩን አለው። ደረቅ ማገዶ ሲሰበር እንደሚለው ቀጭ አለ። ካቦው በደምና በውሃ በራሰው ወለል ላይ ተንሸራቶ ሆድ ዕቃ የሚጫንበት ጋሪ ሥር ገባ። ባሏ ግን አልበቃውም፤ እግሩን ይዞ ጎትቶ አወጣው። ሊደግመው እጁን ሲያነሳ አራት ሰው ተንጠለጠለበት። አራቱንም ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ይሄ የኔ ባል አይደለም» አለች ሴትዮዋ በልቧ። «ፊቱ የሱ ነው እንጂ ሰውየው ሌላ ነው።»

እውነቷን ነበር። ያ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቄራ ሥጋ ሲሸከም በማንም ላይ ድምፁን አንሥቶ አያውቅም። ቢሰድቡት ይስቃል፣ ቢገፉት መንገድ ይለቃል። «እሱን ብትረግጠው፣ እግርህን አሳመምኩህ ወይ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅሃል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ስሙም ከዚያ ወጣለት።

ሚስቱን ደግሞ እመት ጉሮሮ ይሏታል፤ ሥራዋ የበሬ አንገት ስለሆነ ነው። ቄራ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የእንስሳው የአንድ ቁራጭ ጌታ ነው። አንዱ ግንባሩን በመዶሻ ይለዋል፣ አንዱ ያርዳል፣ አንዱ ቆዳ ይገፋል፣ አንዱ ሆዱን ይዘረግፋል። ከጣሪያው ሐዲድ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚጓዘው በድን እሷ ጋ ሲደርስ ራስ የለውም። አንገቱ ግን ገና ይሞቃል፤ አንዳንዴም ጅማቱ ሳይሞት ቀርቶ እጇን ይገፋታል። እሷ ጉሮሮውን ትሰነጥቃለች፤ የምግቡን ቧንቧ ከአየሩ ቧንቧ ትለያለች፤ በዙሪያው የተጣበቀውን ሥጋ ትልጣለች። ያ የአንገት ቁርጥራጭ ገበያ አይወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛው ይታደላል።

ሥራውን ያስተማራት አንድ ሽማግሌ የሥጋ መርማሪ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በቢላዋው ጫፍ ከበሬው ማንቁርት በታች ጠቆመላት። እዚያ፣ እንደ ኮርቻ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የወረደች ጥቁር ቀይ እጢ አለች።

«ይህችን ታያለሽ ልጄ? ከሥጋ ጋር እንዳትቀላቅያት። ወደ ባልዲ።»

«ለምን ጋሼ?»

«እኔንም ያስተማሩኝ ወደ ባልዲ ብለው ነው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ባልዲ ጣለቻት። ሽማግሌው ሞተ፤ እሷ መጣሏን አልተወችም። ከዚያ አዲሱ ካቦ መጣ። ሠራተኛው ባቡሩ የሚል ስም አወጣለት፤ ሰንሰለቱ እንዲቆም አይወድምና። በቀን ሰማንያ በሬ የነበረውን መቶ ሃምሳ አደረሰው። እንስሳቱ ከበረት እስከ መታረጃው በብረት ዘንግ እየተወገሩ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ አረፋ እየደፈቁ ይገቡ ጀመር። መዶሻ ያዡ በችኮላ አንዱን ሁለቴ ሦስቴ የሚመታበት ቀን በዛ።

አንድ ቀን ባቡሩ እመት ጉሮሮ አጠገብ ቆሞ ቢላዋዋን ስንት ጊዜ እንደምታዞር ቆጠረ።

«ይሄ ምንድነው የምትጥይው?»

«እጢ ነው።»

«ይገድላል?»

«እኔ እንጃ። ወደ ባልዲ ተብዬ ነው።»

«ሥጋ ሥጋ ነው እመት! ሰንሰለቱን ያዘገየሽብኝ ለዚህች ነው?» አለና ባልዲውን በእግሩ ጠልዞ እስከ በሩ አደረሰው።

እሷም ተወችው። ምክንያቱን በማታውቀው ነገር ምን ብላ ትከራከራለች? ከዚያ ቀን ጀምሮ እጢዋ ከቁርጥራጩ ጋር ሄደች። ደግሞም ቄራ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያምንበት አንድ ነገር አለ፤ እሳት የማያጸዳው ሥጋ የለም። እመት ጉሮሮ የቅዳሜውን ቁርጥራጭ ሦስት ሰዓት ሙሉ ትቀቅላለች። መረቁን በዳቦ እያጠቀሱ እሷ፣ ባሏና የልጇ ልጅ ሳምንቱን ይበሉታል። ልጇ ብቻ አትበላም፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራ ምሳዋንም እራቷንም እዚያው በልታ ነው የምትመጣው።

ለውጡ ሲጀምር በረከት መስሏቸው ነበር። ሆደ ሰፊው ድካም ረሳ። እመት ጉሮሮም በሌሊት ተነሥታ ቤቱን ታጥባለች። ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ በብርድ ቀን መስኮት ይከፍታሉ። ልባቸው ያለ ምክንያት ይጋልባል። ቄራው ውስጥም ያው ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደ ዝንጀሮ ቀልጣፋ ሆነ። ባቡሩ እጁን አፋተገ፤ «አያችሁ? ሲነዷችሁ ትሮጣላችሁ!» አለ።

በሦስተኛው ወር ባለ ጉልበቱ ሁሉ ባለ ቡጢ ሆነ። የሆደ ሰፊው መንጠቆ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የታወቀው እሱ ሆነ እንጂ። እሱ ከሥራ በታገደ በሦስተኛው ቀን መዶሻ ያዡና ቆዳ ገፋፊው በአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተጣሉ። ለሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸው።

«የኔ ነው፣ አውልቅ!»

«እግሬን ቆርጠህ ውሰደዋ!»

«እቆርጠዋለሁ!»

መዶሻው ወረደ፤ ለበሬ የተሠራው ያ መዶሻ ግድግዳውን ሸረከተው። ቆዳ ገፋፊው በቢላዋው ገባ። መዶሻ ያዡ ቢላዋውን በእጁ ሊይዝ ሄዶ፣ ሲቀማ ስለቱ ዞረና የቆዳ ገፋፊውን ሁለት ጣት ከሥሩ ወሰደው። ጣቶቹ ደም በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ገብተው ከበሬው ደም ጋር ሄዱ። ሰንሰለቱ አልቆመም። እመት ጉሮሮ ሽርጧን ቀዳ እጁን ስታስርለት፣ የሷም እጅ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የበሬው ቁጣ ነው» አሉ ሠራተኞቹ። «እየተወገረ ይሞታል፤ ንዴቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ እኛ እንበላዋለን።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሁሉም ድርሻውን ተቀበለ። ሰው የሚፈራውንም ይበላል፤ የራበው ደግሞ አብልጦ።

እሷም ድርሻዋን ይዛ ገባች፤ ድስቱን ጣደች። የልጇ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ መሄድ የማትወድ፣ ቤቱን በዝላይ ብቻ የምታዳርስ በመሆኗ ፌንጣ ይሏታል። ያን ቀን ፌንጣ ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ትዘላለች። ሰሞኑን መተኛትም ትታለች።

«ተይ» አለቻት አያቷ።

ዘለለች።

«ተይ ብያለሁ!»

ፌንጣ ስትዘል ጠረጴዛውን ገፋችው፤ ሳህን ወደቀና ተሰበረ። አንድ ሳህን ነው። እመት ጉሮሮ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰበችው ይህንን ነው። ያን ሳህን ትወደው እንኳ አልነበረም። በሬ ገልብጦ የሚይዝ እጇ የልጅቷን ክንድ ያዘ፤ አነሣት፤ ወደ ግድግዳው ወረወራት። ቀጭ አለ።

አጥንት ሲሰበር ምን እንደሚል እሷ ጠንቅቃ ታውቃለች። የሰው አጥንት ሲሰበር ስትሰማ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለተኛዋ ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ አላለቀሰችም። አያቷን አየቻት፤ ሴትዮዋ ባሏን ቄራ ውስጥ እንዳየችው፣ ፊቱ የሱ ሆኖ ሰውየው ሌላ የሆነን ሰው እንደማየት። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ልጇ ያን ጊዜ ከሥራ ገባች፤ የተንጠለጠለውን ክንድ አየች፤ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ አቀፈቻት።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«እኔ... ሳህን...»

«ምን አደረግሽ ነው የምልሽ!»

ሆደ ሰፊው «ልጅ አይቀጣም እንዴ?» ብሎ ከጓዳ ጮኸ፤ መውጫውንም ዘግቶ ቆመ። ሴት ልጁ ወንበሩን አንሥታ በደረቱ ላይ ሰበረችበት። ዘወር አለላት።

በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለች፦ «ነገ ክንዷ ይጠገናል። አንቺ ግን ከእንግዲህ አታያትም እማዬ። ሞቼ እንኳ ቢሆን ላንቺ አትሰጥም።»

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ቀረ። ሁለቱ ሰው ለሁለት ሳምንት እርስ በርስ ተበላላ። እሱ «አንቺ ነሽ ያባረርሻቸው» ይላል፤ እሷ «አንተ ነህ በሩን የዘጋኸው» ትላለች። አንድ ቀን እሱ የጓዳውን በር ከነማጠፊያው ነቀለው። አንድ ቀን እሷ የፈላ መረቅ ደፋችበት፤ ሳተችው እንጂ ፊቱ ይላጥ ነበር። ከዚያ እሱ ወደ ግድግዳ ዞሮ አለቀሰ፤ እሷ አላባበለችውም። የፌንጣ ትንሽ ጫማ አልጋው ሥር ነበረች፤ ሁለቱም እዚያ መኖሯን ያውቃሉ፤ ማንም አያነሣትም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጇ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ብረት ነው።

«የሐኪም ትእዛዝ ነው እንጂ አልደውልም ነበር። ጀሶውን ሲያዩላት ልቧ እንደ ወፍ ሲመታ ሰምተው ደም ወሰዱ። ከአንድ ድስት የበላ ሁሉ ይምጣ ተብሏል።»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ደም ካስወሰዳቸው በኋላ እጃቸውን ወደ ፊት እንዲዘረጉ ነገራቸውና በእያንዳንዳቸው እጅ ጀርባ ላይ አንድ አንድ ነጭ ወረቀት አስተኛ። ወረቀቶቹ ነፋስ እንዳገኘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተርገፈገፉ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ግራ እንደተጋባ ያስታውቃል። «የሦስታችሁም ደም በአንድ ሆርሞን ተጥለቅልቋል። ግን የገዛ እጢያችሁ ተኝቷል፤ ሥራ ፈትቷል። ከራሳችሁ አልመጣም። ከውጭ ነው የገባው። ክኒን የሚውጥ አለ?»

«የምን ክኒን?» ሆደ ሰፊው ጠረጴዛውን ደቃው። «ሰክራችኋል በለና!»

«ቀስ በል አንተ!» አለች እሷ። ወደ ሐኪሙ ዞረች። «እጢው የት ነው የሚቀመጠው ልጄ?»

ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ከማንቁርቱ በታች በጉሮሮው ግራና ቀኝ አሳረፈ።

እመት ጉሮሮ ያንን ጉሮሮ አየችው። በቢላዋ እንደምትሰነጥቀው አድርጋ አየችው፤ ኮርቻዋን፣ ጥቁር ቀይዋን አየች። ሐኪሙ ሳያውቅ አንገቱን ሰበሰበ።

«ባልዲው» አለች።

«ምን?»

ነገረችው። ሽማግሌውን፣ ባቡሩን፣ የተጠለዘውን ባልዲ፣ የቅዳሜውን ቁርጥራጭ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ግን እኮ ሦስት ሰዓት ነው የምቀቅለው!» አለች። «ድንጋይ ቢሆን ይሟሟል!»

«ሦስት ቀን ቢቀቅሉትም ያው ነው እናቴ። እዩ፣ ሰውነታችን የተሠራበትን ሕዋስ ቤት ነው ይበሉ። ግድግዳው ስስ ስብ ነው። ሆርሞን ደግሞ መልእክተኛ ነው፤ በደም ተሳፍሮ ትእዛዝ ያደርሳል። መልእክተኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃ ወዳድ ነው፤ ደም ውስጥ እንደ ጨው ሟሙቶ ይሮጣል። ስቡን ግን አያልፍም፤ ውሃና ስብ...»

«አይዋደዱም» ብላ ጨረሰችለት። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይሄ ነው፤ ስብ የያዘውን ቢላዋ በቀዝቃዛ ውሃ ስታሽ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት።

«እንግዲህ አያልፍም፤ በሩ ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ውስጥ ያሉት ሰምተው ይሯሯጣሉ። ወዲያው ይጠፋል፤ ነገሩም ያልቃል። ስንደነግጥና ስንናደድ ልባችንን የሚያዘልለው እንደዚያ ነው።»

«የበሬው ቁጣስ? ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ነው ይላሉ።»

«የበሬውም ያው ነው። ከኩላሊቱ በላይ ካለችው እጢ ይወጣል፤ ያውቋታል።»

«ስቡ ውስጥ የተሸሸገችዋን? እንዴት አላውቃትም!»

«እሱ በደቂቃ ይከስማል። የተረፈውን ድስቱ ይፈጀዋል፣ ከድስት ያመለጠውን ሆድ ይጨርሰዋል። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚወጋው ለምን ይመስላችኋል? ከቆሽት የሚወጣው መልእክተኛ ራሱ ሥጋ መሰል ነገር ስለሆነ፣ ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ስለሚፈጨው ነው።»

«እኛ ቆሽት ሲያር እንጂ መልእክተኛ ሲልክ አናውቅም» አለ ሆደ ሰፊው። ከሦስት ወር ወዲህ የተናገራት የመጀመሪያ ቀልድ ነበረች። ሚስቱ ገላመጠችው፤ ግን ከንፈሯ ትንሽ ተፈታ።

«የጉሮሮው እጢ መልእክተኛ ግን ሌላ ፍጥረት ነው» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ውሃ ይሸሻል፣ ከስብ ይስማማል። እሳት አይፈታውም፣ ሆድ አይፈጨውም። ደም ውስጥም ራሱ አይሮጥም፤ ተሸካሚ አለው፣ ታዝሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቶሎ አይወርድም፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዞራል። ሕዋሱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ በር ላይ አይቆምም፤ እያስገቡት ጓዳ ድረስ ይዘልቃል። ጓዳው ውስጥ መዝገብ አለ፤ ቤቱ ምን እንደሚሠራ የተጻፈበት። እዚያ መዝገቡ ላይ ተቀምጦ ያዛል። እሳት ጨምሩ ይላል። የበላችሁትን ሁሉ ያቃጥላል፤ ለዚህ ነው የከሳችሁት። ሌላ ምን ያዛል መሰላችሁ? በር አብዙ ይላል።»

«የምን በር?»

«ያ የንዴቱ መልእክተኛ የሚያንኳኳበትን በር። ልብ ላይ ብዙ በር ይወጣል። አንድ በር በነበረው ቤት በቀስታ ቢያንኳኩ ሰው ይወጣል። መቶ በር ባወጣ ቤት ግን ያችው ማንኳኳት ቤቱን ትደበድበዋለች።»

ሴትዮዋ ሳህኑን አሰበችው። አንዲት ሳህን በቀስታ አንኳኳች።

«መቼ ይወጣልናል?»

«የልብ ምቱን የሚያበርድ ክኒን እሰጣችኋለሁ፤ እሱ በሮቹን ከውጭ ይዘጋል፤ ዛሬውኑ ትረጋላችሁ። የጓዳውን ግን መጠበቅ ነው። የተሳፈረው እስኪወርድ፣ የወጡት በሮች እስኪደፈኑ፣ ስድስት ወይ ስምንት ሳምንት። ከዛሬ ጀምሮ ያ ሥጋ ካልተበላ።»

ልጇ ኮሪደሩ ላይ ፌንጣን በጭኗ አስቀምጣ ነበር። የልጅቷ ክንድ ነጭ ጀሶ ለብሷል። አያቷን ስታይ ፊቷን በእናቷ ብብት ውስጥ ቀበረች።

ሆደ ሰፊው እየሳቀ ሄደ፤ ከትከሻው ላይ በሬ የወረደለት ይመስል ነበር። «ልጄ፣ እኛ አይደለንም! እጢው ነው! ሐኪሙ ነግሮናል፣ እጢው ነው!»

ልጁ አየችው። «እጢው እጅ አለው አባዬ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እመት ጉሮሮ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ ከዚያ በላይ አልቀረበችም።

«እጅ የለውም» አለች። «እጁ የኔ ነው። አንቀጠቀጠኝ እንጂ የወረወርኳት እኔ ነኝ።»

ልጇ ጀሶውን ዳበሰች።

«ባልዲው ይመለስ» አለች። «ያ ነገር ደግሞ ካንቺ ይውጣ። እጅሽ ጸጥ ሲል በዓይኔ ካየሁ... ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ቃል አልገባሁም።»

በማግሥቱ እመት ጉሮሮ የሐኪሙን ደብዳቤ በደረቷ፣ አዲስ ባልዲ በእጇ ይዛ ወደ ቄራ ገባች። ሰንሰለቱ ሳይነሣ ሐኪሙ ያላትን ለሠራተኛው ነገረች። የመጀመሪያው በሬ ሲደርስ ጉሮሮውን ሰነጠቀች፤ እጢዋን አውጥታ ጣለቻት፤ ባልዲው ደንግ አለ። ባቡሩ ከቢሮው ወጣ። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ በጥርሱ መሐል ነው የሚናገረው።

«ምን ተባልሽ?»

ደብዳቤውን ሰጠችው። ሳያነበው ቀደደው። ባልዲውን ጠለዘ። አንሥታ መለሰችው። እንደገና ጠለዘ። እንደገና መለሰችው። በሦስተኛው በጡጫ ደረቷን ሲላት ከመላጫው ጠረጴዛ ጋር ተላተመች፤ ቅንድቧ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ልቧ መደብደብ ጀመረ። መቶውም በር ተንኳኳ። እጇ ውስጥ ቢላዋ ነበረ፤ የባቡሩም ጉሮሮ ከእሷ አንድ ክንድ አይርቅም። የት ላይ እንደሚቆረጥ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቄራ ውስጥ አልነበረም።

የልጅቷ ክንድ ቀጭ ሲል ሰማችው። ቢላዋውን በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ እስከ እጀታው ሰካችና እጇን አነሣች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጢዋን በባዶ እጇ ከወለሉ አነሣች፤ የሚሞቅ፣ የሚያዳልጥ ነገር ነው። ከባቡሩ አፍንጫ ሥር ያዘችለት።

«ሥጋ ሥጋ ነው አላልክም? ብላት እስቲ!»

ባቡሩ ፊቱን ወደ ጎን መለሰ።

«ማላመጥ አልቻልክም? ቀቅዬ መረቅ ላድርግልህ፤ ሦስት ሰዓት። ለልጆችህም ድርሻ ላውጣ?»

ባቡሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ያችን እርምጃ አየ።

መዶሻ ያዡ መጀመሪያ መዶሻውን ወለሉ ላይ አኖረ። ከዚያ አራጁ ቢላዋውን፣ ከዚያ ሌላው። ሁለት ጣት የጎደለው ቆዳ ገፋፊ፣ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ባልዲውን አነሣና እመት ጉሮሮ እግር ሥር አስቀመጠው። «እህታችን፣ እኛ እኮ በበሬው ቁጣ ስናመካኝ ከረምን» አለ። መዶሻ ያዡ ያን እጅ አየና ፊቱን አዞረ። ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠሉት በድኖች እርስ በርስ እየተጋጩ ተከማቹ። በረቱ ውስጥ በሬዎቹ ያገሳሉ። ባቡሩ እስከ ምሳ ሰዓት ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁ አለቀበት። ባልዲው በቦታው ቀረ። በሳምንቱ ዘንጉም ከበረቱ ወጣ፤ የቀኑም በሬ ሰማንያ ባይሆን እንኳ መቶ ተባለ።

የቀረው የእሷ ነበር። በየማለዳው ፊቷን ታጥባ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እጇን ዘርግታ ባሏን «አስቀምጥ» ትለዋለች። ሆደ ሰፊው ወረቀቱን እጇ ላይ ያስተኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱ ወለል ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ዳር ዳሩ ተርገበገበ። በአምስተኛው ሆደ ሰፊው «ትንፋሽሽ ነው ያነቃነቀው» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ፤ «አትዋሽልኝ» አለችው። እሱም በዚያው ሳምንት የባቡሩ ቤት ሄደ። እጢውን አልጠራም። «መታሁህ፣ በደልኩህ» ብሎ ቆመ። ባቡሩ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ሆደ ሰፊው ሳይናደድ ተመለሰ። መንገድ ላይ ልቡን በእጁ ዳብሶ ቀስ ብሎ ሲመታ ስላገኘው፣ ሥራ ባያገኝም በዚያ ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጇ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። ፌንጣ ጀሶዋ ወልቆላት ክንዷ ከስቷል። የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆመች፤ አትዘልም። አያቷ በሕይወቷ ከቀመሰችው ድብደባ ሁሉ የባሰው ይሄ ነበር፤ ልጅቷ መዝለል ትታ መቆም መማሯ።

«አሳዪኝ» አለች ልጇ።

እመት ጉሮሮ ግቢው መሐል ወጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ባሏ ወረቀቱን አስተኛ። ሁሉም አዩ። ወረቀቱ ተኝቷል።

«አሁንም ትናደጃለሽ እማማ?» አለች ፌንጣ ከቀሚሱ ጀርባ።

«እናደዳለሁ የኔ እናት።»

«ሲያናድድሽስ?»

«እጄን እንዲህ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። እስኪበርድልኝ አላወርደውም።»

ልጅቷ አሰበችበት። እናቷን ቀና ብላ አየች፤ እናቷ ቀሚሷን ከልጅቷ ጭብጥ ቀስ ብላ አላቀቀች። ፌንጣ በእግሯ እየሄደች ቀረበች። ከመሬት አንድ ጠጠር አንሥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ አልተነቃነቀም። ሌላ ጠጠር ጨመረች። ከዚያ የልብስ መቆንጠጫ፣ ከዚያ የጠርሙስ ክዳን። ከዚያ ወደ ቤት ገባች፤ ካልጋው ሥር ያችን የጠበበቻትን ትንሽ ጫማ ይዛ ወጣችና ከሁሉ በላይ ጫነቻት።

«አታውርጂ» አለች።

«አላወርድም።»

ልጇ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሲቀመጡ እንደሚተነፈሰው ተነፈሰች። ፌንጣ የሚጫን ነገር ፍለጋ ግቢውን ዞረች፤ ገና በእግሯ ነው የምትሄደው። እመት ጉሮሮ ትከሻዋ እንደ እሳት ሲቃጠል፣ ላቧ በአንገቷ ሲወርድ፣ እጇን እንደዘረጋች ጠበቀቻት።